ስለ ወደብ ከተሞችና ስለ እንግዶቻቸው፤ ግመሉ የማን ነው?

ቆቦ ባሕር የላትም። ዳሩ ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚሄደው አውራ ጎዳና የራያን ሜዳ ሰንጥቆ በመካከልዋ ስለሚያልፍ፥ ኑሮዋ ከወደብ ከተማ ኑሮ እምብዛም አይለይም። በወደብ መርከብ ይቆማል፤ በቆቦ አውቶቡስና የጭነት መኪና ይቆማል። በወደብ መንገደኛው ከመርከቡ ወርዶ ጥቂት ሰዓት ተዘዋውሮ ይመለሳል፤ በቆቦም መንገደኛው ከአውቶቡሱ ወርዶ፥ ምሳውን በልቶ፥ ውሃ ገዝቶ፥ እግሩን አፍታቶ ይሄዳል። መርከቡም መኪናውም ከሄዱ በኋላ በሁለቱም ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህ ሁሉ እንግዳ መጥቶ ሲሄድ ለከተማው ምን ቀረ?» የሚል ነው።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ስለዚሁ ጥያቄ ነው። አንባቢው በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ፥ እንደ መርከብ መንገደኛ ሆኖ ከአንዱ ወደብ ወደ ሌላው ይዞራል፤ በየወደቡም ሲወርድ ሌላውን ትቶ አንድ ነገር ብቻ ይመረምራል። መንገዱ ከቀይ ባሕር ተነሥቶ እስከ ሜክሲኮ ይደርሳል፤ በመጨረሻም ወደ ራያ ሜዳ ይመለሳል። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን ግን ዓ.ም. ተብሎ ተለይቷል።

የመጀመሪያዋ ወደብ ምጽዋ ናት። ምጽዋ በ1557 በኦቶማን ቱርኮች እጅ የገባች፥ ከባሕር በሚወጣ የኮራል ድንጋይ የታነጹ ቤቶች ያሏት ደሴት ናት። ደሴቲቱ የሚበቃ የመጠጥ ውሃ ስላልነበራት ውሃዋ በየብስ በኩል ካለው ከሕርጊጎ ይመጣላት ነበር። የሕርጊጎ ናይብ የሚባለው ገዥ ይህንን ውሃ፥ ወደ ደጋ የሚወጣውንም የሲራራ ነጋዴ መንገድ በእጁ ይዞ ነበርና፥ በምጽዋ የወረደ መንገደኛ ሁሉ ወደደም ጠላም የናይቡ እንግዳ ይሆን ነበር። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በሴፕቴምበር 1769 በምጽዋ ወርዶ ወደ ጎንደር ለመሄድ ቢነሣ፥ ናይቡ ገጸ በረከት እየጠየቀና ምክንያት እየፈጠረ ሁለት ወር ያህል አቆየው። ይህ አድራጎት ቅሚያ እንጂ ንግድ አይባልም። ሆኖም ከቅሚያው ሥር አንድ የንግድ ነገር ተቀብሮ ይገኛል፤ እንግዳው የሚፈልገው ነገር፥ ማለት ውሃውና መንገዱ፥ በባላገሩ እጅ ነበረ።

ይህ ነገር ይበልጥ ግልጥ ሆኖ የሚታየው በታጁራ ነው። ታጁራ ዛሬ በጅቡቲ ሪፑብሊክ ውስጥ የምትገኝ፥ ከሸዋ ወደ ባሕር ይወርድ ለነበረው ሲራራ ንግድ በር የነበረች የአፋሮች ወደብ ናት። በሐረር ስሙ የሚታወቀው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፥ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ በ1885 መጨረሻ ወደ ታጁራ መጣ። ጠመንጃው በእጁ ነው፤ ገዢውም የታወቀ ነው፤ የጎደለው ግመል ብቻ ነበረ። ግመል ለማግኘት፥ መሪ ለመያዝ፥ ከሹማምንቱ ጋር ለመስማማት ሲል ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በዚያች ትንሽ ከተማ ተቀመጠ። የንግድ ሸሪኩ ላባቱ ታምሞ ሞተ፤ አብሮት ሊሄድ የነበረው ሌላው ነጋዴ ሶሌዬም እንዲሁ ሞተ። ራምቦ በኦክቶበር 1886 ተነሥቶ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ደረሰ፤ ንጉሡም በዋጋው ተከራከሩት፤ የሟቹ ሸሪክ አበዳሪዎችም ከበቡት፤ ያሰበውንም ትርፍ ሳያገኝ ተመለሰ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የባለቅኔውን ዕድለ ቢስነት ነው። ነጋዴ የሆነ አንባቢ ግን ታሪኩን ከታጁራ በኩል ሆኖ ሊያየው ይገባዋል። እንግዳው በተቀመጠባቸው ወራት ሁሉ የቤት ኪራይ፥ ቀለብ፥ ጠባቂ፥ መሪና ግመል ያስፈልገው ነበር፤ ይህም ሁሉ የሚገኘው ከከተማውና ከአካባቢው ሰው ነው። ከባሕር የመጣው ሰው ሸቀጡና ገንዘቡ ነበረው፤ ግመሉ ግን የአፋሮች ነበረ። ያለ ግመሉም ሸቀጡ ከአሸዋው አንድ ክንድ አይነቃነቅም።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት ውስጥ «ግመል» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ባለ ሻኛው እንስሳ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንግዳው ያለ እርሱ ሊሆንለት የማይችለው፥ ከዚያው ከቦታው ሰው ካልሆነ በቀር ከሌላ የማያገኘው ነገር ነው። በየወደቡ ሲወርዱ የሚጠየቀው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ግመሉ የማን ነው?

ግመል ግን ባለቤቱን ሊለውጥ ይችላል። የፈረንሳይ ሰዎች በ1888 ጅቡቲን ከቆረቆሩ በኋላ ከዚያች ባዶ ዳርቻ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ፤ ሐዲዱም በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ያን ጊዜ ታጁራ ጸጥ አለች። ለሐረር ንግድ የጥንት በር የነበረችው ዘይላም ከዚያ ወዲያ እየደኸየች ሄደች። በሁለቱም ከተሞች የነበረው ሕዝብ ሰነፍ አልነበረም፤ ባሕሩም አልደረቀም፤ መርከብም በቀይ ባሕር ላይ ከቀድሞው ይልቅ በዝቶ ነበር። የሆነው ነገር ግመሉ ብረት ሆኖ፥ ባለቤቱም የባቡር ኩባንያው መሆኑ ብቻ ነው። ታጁራ አዲስ ወደብ ተሠርቶላት ለትልልቅ መርከቦች የተከፈተችው በ2017 ነው፤ ይኸውም ከመቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

የዛሬይቱ ጅቡቲ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ዋናዋ የባሕር በር ናት። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ዕቃ ከመቶው ከዘጠና የሚበልጠው የሚተላለፈው በእርስዋ በኩል ነው። በዶራሌ ያለው የኮንቴይነር ወደብ በ2009 ተከፍቷል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡርም በ2016 ተመርቋል። ከቆቦ ተነሥቶ ዕቃውን ሊከታተል ወደዚያ የሚሄድ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚያየው የመጋዘኑን በር፥ የአስተላላፊውን ቢሮና የጉምሩኩን ወረፋ ነው። ሙቀቱ ይጸናበትና ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል። ይህ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም ለንግድ ሰው ከዕቃው ይልቅ የሚጠቅመው ከወደቡ ውጭ ያለው ነው።

ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር ርቆ በዚሁ ርቀት የሚጠራው ፒኬ 12 የተባለው ሰፈር የኢትዮጵያ መኪኖች ተራ የሚጠብቁበት ነው። ሹፌሩ እዚያ ቀን ቆጥሮ ይቀመጣል፤ ይበላል፥ ይተኛል፥ ጎማ ያስጠግናል፥ ስልክ ይሞላል። እንጀራ የሚሸጥበትና አማርኛ የሚሰማበት ስፍራ ነው። እዚህ ላይ አስተዋይ ነጋዴ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል፤ የወደቡ ክፍያ የወደቡ ነው፤ የቆይታው ወጪ ግን ለሚያስተናግደው ሰው ነው። ደግሞም የጅቡቲን የአትክልት ገበያ ቢጎበኝ፥ ድንችና ሽንኩርቱ፥ ቲማቲሙና ሰላጣው አብዛኛው ከኢትዮጵያ የገባ መሆኑን ያያል። ከ2017 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ምድር በቧንቧ የሚሄድ የመጠጥ ውሃም አለ። ትልቅ ወደብ የሆነች ከተማ ሽንኩርት አታበቅልም፤ ስለዚህ ሽንኩርት ያለው ሰው ባሕር ባይኖረውም ግመል አለው።

ስለ አሰብ ጥቂት መዘግየት ያሻል፤ ለወሎ ሰው ቅርብ ነበረችና። ሩባቲኖ የተባለው የኢጣልያ የመርከብ ኩባንያ በ1869፥ የስዌዝ ቦይ በተከፈተበት ዓመት፥ ለመርከብ የድንጋይ ከሰል ማከማቻ እንዲሆን ከአካባቢው ሹማምንት ገዛት፤ በ1882 ወደ ኢጣልያ መንግሥት ተላለፈች። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ የሚወርደው መንገድ ከተሠራ በኋላ የወሎና የሸዋ ጭነት ይመላለስባት ጀመር። በ1967 የነዳጅ ማጣሪያ ተከፈተባት። ከዚያ ወዲያ ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ ነዳጅና እህል፥ ማዳበሪያና ብረት በእርስዋ ይገባ ነበርና፥ የአሰብን ሙቀት ያልቀመሰ የጭነት መኪና ሹፌር አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚያም በ1997 ማጣሪያው ተዘጋ፤ በ1998 ጦርነቱ ሲነሣ የኢትዮጵያ ጭነት በአንድ ጊዜ ቆመ። ክሬኑ፥ መጋዘኑ፥ ጥልቁ ባሕር እንዳለ ቀረ፤ ሹፌሩ ግን አልመጣም። ሹፌሩ ካልመጣ ምግብ ቤቱ፥ ምግብ ቤቱ ካልሠራ ዳቦ ጋጋሪው፥ ዳቦ ጋጋሪው ካልሠራ ዱቄት ሻጩ ሥራ ፈታ። አሰብ ከአንድ ደንበኛ በቀር ሌላ አልነበራትም፤ ለራስዋ ከምታመርተውም፥ ከባሕሩ ጨው በስተቀር፥ ይህ ነው የሚባል አልነበረም።

ምጽዋም እንዲሁ ከፍና ዝቅ አይታለች። ከእርስዋ ተነሥቶ የሚወጣው ባቡር በ1911 አስመራ ሲደርስ ደመቀች፤ በ1960ዎቹ ዓመታት በየዓመቱ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካ፥ የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይና የሶቪየት ኅብረት የጦር መርከቦች እየመጡ መርከበኞቻቸው ከተማውን ያጥለቀልቁት ነበር። ያ ሳምንት ሲያልፍ ግን ከተማው ወደ ሙቀቱ ይመለስ ነበር። በ1990 በተደረገው ጦርነት ብዙ ቤቶች ፈረሱ። በሴፕቴምበር 2018 ድንበሩ ሲከፈት ከሰሜን ኢትዮጵያ እህልና የግንባታ ዕቃ የጫኑ ነጋዴዎች ወደ ኤርትራ ጎርፈው ነበር፤ ወራት ሳይቆይ መተላለፊያዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በእነዚያ ወራት መጋዘን የተከራየ ሰው ያተረፈውን፥ ያልተከራየው ደግሞ ያዳነውን ያውቃል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ወደ ሩቅ አገር ነው። የሜክሲኮ ስም ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ሜክሲኮ ወረራውን ባለመቀበል በመንግሥታት ማኅበር ፊት የጸናች አገር ስለሆነች፥ በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ በስምዋ ተሰይሟል፤ በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይገኛል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ያችን አገር ጎብኝተዋል። በንግድ ረገድ ግን ሜክሲኮን ከሁሉ ይበልጥ ለማጥናት የሚያበቃት የባሕር ዳርቻ ከተሞችዋ ኑሮ ነው፤ ከመርከብ የሚወርድ እንግዳ በማስተናገድ ረገድ ከዓለም ከፍ ካሉት መካከል ናቸውና።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በምዕራብ ጠረፍ ያለችው አካፑልኮ ከ1565 እስከ 1815 ድረስ ከፊሊፒን ደሴቶች ሐር፥ ሸክላና ቅመም ጭኖ የሚመጣውን የእስፓንያ መርከብ ስትቀበል ኖራለች። መርከቡ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ነጋዴው ሁሉ ከመሐል አገር በበቅሎ ብር ጭኖ ይወርዳል፤ ትልቅ ገበያ ይቆማል፤ አንድ ክፍል ቤት በብዙ ዋጋ ይከራያል። ገበያው ሲያልቅ ሐሩ ወደ ላይ፥ ብሩ ወደ ባሕር ይሄዳል፤ ሀብታሞቹም ሙቀቱንና በሽታውን ፈርተው ይወጣሉ፤ ከተማዋ ድሆችዋን ይዛ ትቀራለች። ሁለት መቶ አምሳ ዓመት ሙሉ የዓለም ብርና ሐር በደጃፍዋ ሲያልፍ ኖሮ፥ አካፑልኮ ለራስዋ የያዘችው እጅግ ጥቂት ነበረ።

ዛሬ በሐሩ መርከብ ፈንታ የሚመጣው የሽርሽር መርከብ ነው። የሽርሽር መርከብ ማለት መንገደኛው ወደ አንድ አገር ለመድረስ ሳይሆን ለመዝናናት የሚሳፈርበት፥ መኝታውም፥ ምግቡም፥ ጨዋታውም በውስጡ ያለ ተንሳፋፊ ሆቴል ነው። አንዱ መርከብ ከሦስት ሺህ እስከ ስድስት ሺህ ሰው ይጭናል፤ ይኸውም የአንድ ወረዳ ከተማ ሕዝብ ያህል መሆኑ ነው። ከሚያሚ ወይም ከጋልቨስተን ተነሥቶ በምሥራቅ በኩል ወደ ኮዙሜል፥ ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ በምዕራብ በኩል ወደ ኤንሴናዳ፥ ወደ ማሳትላንና ወደ ፑርቶ ቫያርታ ይሄዳል። ሌሊቱን ይጓዛል፤ ጧት ይደርሳል፤ መንገደኛው ስምንት ሰዓት ያህል ከተማውን ይጎበኛል፤ ማታ መርከቡ ፊሽካ ነፍቶ ይሄዳል። የዘገየ ሰው መርከቡ አይጠብቀውም።

ኮዙሜል ከመቶ ሺህ የማይበልጥ ሕዝብ ያላት ደሴት ስትሆን፥ በ2019 ከአራት ሚሊዮን በላይ የሽርሽር መንገደኛ ተቀብላለች። ይህንን ቁጥር የሰማ ሰው ሁሉ የደሴቲቱ ሰው በወርቅ ላይ የሚተኛ ይመስለዋል። ዳሩ ግን አንድ መንገደኛ ከመርከቡ ሲወርድ ሆዱ የጠገበ ነው፤ ቁርሱን በልቷልና፥ እራቱም ይጠብቀዋል። አልጋም አያሻውም። ደሴቲቱን ሊያዞረው የሚችለውን የጉብኝት አውቶቡስና ጀልባ ገና በመርከቡ ላይ ሳለ ከፍሎ ይዟል፤ ከዚያም ገንዘብ ኩባንያው ድርሻውን አስቀርቶ የተረፈውን ለባለ አውቶቡሱ ይሰጣል። «እነዚህ ሱቆች የታመኑ ናቸው» ተብሎ በመርከቡ ላይ የሚነገርላቸው ሱቆችም ለዚያ ስም ማስጠሪያ የሚከፍሉ ናቸው። ባለ ጌጣጌጡ የሌላ አገር ሰው፥ ጌጡም ከሌላ አገር የመጣ ሲሆን፥ ለደሴቲቱ ሰው የሚቀረው የሻጭነት ደመወዝ ብቻ ይሆናል። ባጭሩ ግመሉ ከመርከቡ ጋር መጥቶ ከመርከቡ ጋር ይመለሳል።

የሜክሲኮ መንግሥትም ይህንን ተመልክቶ በ2024 መጨረሻ ከእያንዳንዱ የሽርሽር መንገደኛ 42 ዶላር እንዲከፈል ሕግ አውጥቶ ነበር። የመርከብ ኩባንያዎቹ «እንግዲያስ ወደ ሌላ ደሴት እንሄዳለን» ብለው አጉረመረሙ፤ ከድርድር በኋላ በ2025 አጋማሽ በ5 ዶላር እንዲጀመርና ወደፊት በየጊዜው ከፍ እንዲል ተወሰነ። ከ42 ወደ 5 መውረዱ ብቻውን ግመሉ በማን እጅ እንዳለ ያስረዳል። መርከብ መሪውን ያዞራል፤ ደሴት ግን ወዴትም አትሄድም።

ማሐዋል የተባለችው መንደር ነገር ደግሞ ለመንገድ ዳር ከተማ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩባት ትንሽ መንደር ስትሆን፥ በ2001 ለሽርሽር መርከብ ብቻ ተብሎ ኮስታ ማያ የሚባል ወደብ ተከፈተባት። መንገደኛ ጎረፈ፤ መረቡን የተወ ዓሣ አጥማጅ ሱቅ ከፈተ። በኦገስት 2007 ዲን የተባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ መቆሚያውን ሰባበረው፤ እስኪጠገን ድረስ፥ እስከሚቀጥለው ዓመት፥ መርከብ አልቆመባትም። በ2024 ደግሞ ሮያል ካሪቢያን የተባለው የመርከብ ኩባንያ ራሱን ወደቡን ለመግዛት መስማማቱ ተገለጸ። ማሳትላንም በበኩልዋ በ2011 ስለ ጸጥታ ጉድለት ወሬ ሲሰማ መርከቦቹ ትተዋት ሄደው፥ የተመለሱላት በ2013 መጨረሻ ነው። ዳሩ ግን ማሳትላን የሽሪምፕና የቱና ዓሣ ከተማ ስለሆነች፥ የዓሣ ፋብሪካዎችዋም ስለሚሠሩ፥ የባሕር ዳር ሱቆች ቢጎዱም ከተማው አልወደቀም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ኤንሴናዳ ይመስላል። ይህች ከተማ ለአሜሪካ ድንበር ቅርብ ስለሆነች እንግዳዋ ብዙ ነው፤ በመርከብም በመኪናም ይመጣል። በወደቡ አጠገብ የዓሣ ገበያ አላት፤ ዓሣውን በዘይት ጠብሰው በበቆሎ ቂጣ ጠቅልለው የሚሸጡት ምግብ ስሙ የወጣ ነው። ከከተማው ጥቂት ርቆ በጓዳሉፔ ሸለቆ የወይን አትክልት አለ፤ የወይን ጠጁም እዚያው ይጠመቃል። እንግዳው የሚበላው ከባሕርዋ የወጣ፥ የሚጠጣው ከሸለቆዋ የተጠመቀ ነው። ይህንን መርከቡ ከሚያሚ ጭኖ ሊያመጣው አይችልም።

አሁን ወደ ቆቦ መመለስ ይቻላል። ቆቦ ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በጎብዬና በሮቢት አልፎ የሚመጣውን መንገደኛ ተቀብላ ወደ ዋጃና ወደ አላማጣ ታሳልፋለች። እንግዳው ሲቆም የሚያደርገውን ማንም ያያል። አውቶቡሱ የሚቆመው መንገደኛው በመረጠው ሳይሆን ሹፌሩ በመረጠው ምግብ ቤት ነው፤ ሹፌሩና ረዳቱ እዚያ በነጻ ይበላሉና። የምግቡ ዋጋ ከዚህ የተነሣ ትንሽ ከፍ ይላል፤ መንገደኛውም ይህን ያውቃል፥ እያጉረመረመም ይከፍላል። ይህ ልማድ በመላው አገር ያለ ነው። በመርከቡ ላይ «የታመኑ» ተብለው ከሚጠሩት የኮዙሜል ሱቆች ጋር ምንም ልዩነት የለውም፤ መንገደኛው የከተማው እንግዳ መሆኑ ቀርቶ የሹፌሩ እንግዳ ሆኗል። ለመንገደኛው በሱቁ የሚቀርበው ብስኩት፥ ለስላሳውና የታሸገው ውሃ ደግሞ ከሌላ ከተማ የመጣ ነው። ነጋዴው የሚያገኘው ጥቂት ሳንቲም የመደርደሪያ ኪራይ ናት እንጂ የግመል ኪራይ አይደለችም።

የቆቦ ግመል የት ነው? ቢባል መልሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ይታያል። የራያ ገበሬ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ከዘራው ዘመን የለውም፤ ጤፉም በአገር የታወቀ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከከርሠ ምድር በሚሳብ ውሃ ሽንኩርት፥ ቲማቲምና በርበሬ ይመረታል። ከብቱ፥ ፍየሉና ራሱ እውነተኛው ግመል ከአፋር በኩል ወደ ገበያው ይወርዳል። ነገር ግን ሽንኩርቱ ሁሉ በአንድ ሰሞን ስለሚደርስ፥ ማቆያ መጋዘንም ስለሚያንስ፥ ከሩቅ የመጣ ደላላ በማሳው ላይ ዋጋ ቆርጦ ጭኖ ይሄዳል። ያ ሽንኩርት በመቀሌ ወይም በአዲስ አበባ ስንት እንደሚሸጥ የቆቦ ነጋዴ የሚሰማው ከጫነው ሰው አፍ ነው። አካፑልኮ ሐሩን ያሳለፈችው በዚህ ዓይነት ነበር።

ከዚህ አንጻር ለቆቦ ነጋዴ ገንዘቡን ለሁለተኛ የብስኩት ሱቅ ከሚያውል ይልቅ፥ ነፋስ የሚያገባ የሽንኩርት ማድረቂያና ማቆያ ቢሠራ፥ ወይም ከሁለት ሦስት ባልንጀሮቹ ጋር ሸሪክ ሆኖ አንድ የጭነት መኪና ቢገዛ ይሻለዋል። ትክክለኛ ሚዛን በገበያው መካከል መቆሙም ቀላል ነገር አይደለም፤ ገበሬው የታመነ ሚዛን ወዳለበት ገበያ ይሄዳልና። ጎማና ሞተር የሚጠግን ጥሩ ጋራዥ፥ ንጹሕ አልጋ፥ መኪና በሌሊት የሚጠበቅበት ግቢ ደግሞ የጭነት መኪናውን ሹፌር ያሳድረዋል። ያደረ ሹፌር እንደ ራምቦ ነው፤ እራት፥ ቁርስና ሻይ ይከፍላል፤ መንገድ ዳር ለሠላሳ ደቂቃ የቆመው ግን ኪሱን ሳይፈታ ያልፋል።

ይህ ነገር የሚያስቸኩልበት ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው የቆቦ ሰው በገዛ ራሱ ላይ ያየው ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማውን በነካ ጊዜ፥ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት፥ እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ድረስ፥ ቆቦ እንደ አሰብ ደንበኛዋን ያጣች ከተማ ሆና ነበር። በዚያ ወራት መንገደኛ የሚጠብቀው ሱቅ ሲዘጋ፥ በጓሮው ማሽላ የነበረው ሰው ግን ልጆቹን አበላ።

ሁለተኛው የባቡሩ ነገር ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ እስካለው ሐራ ገበያ የሚደርሰው ሐዲድ ሥራው የተጀመረው በ2015 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚቀጥለውም በራያ ሜዳ እንዲያልፍ የታቀደ ነው። መደበኛ አገልግሎት ገና አልተጀመረም። ሲጀመር ግን ባቡር እንደ አውቶቡስ ለሻይ አይቆምም፤ ዕቃ በሚጫንበትና በሚራገፍበት ስፍራ ብቻ ነው የሚቆመው። ታጁራና ዘይላ በ1902 የገጠማቸውን የሚያስታውስ ነጋዴ፥ ባቡሩ ጣቢያ የሚሠራው የሚጫን ነገር በተከማቸበት ቦታ መሆኑን አይዘነጋም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ለጉዳይ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የቆቦ ነጋዴ፥ የጉምሩኩ ወረቀት እስኪያልቅ ከሚጠብቅበት ሰዓት ሁለቱን ወስዶ የአትክልት ተራውን ቢጎበኝ መልካም ነው። ሽንኩርቱ በየትኛው መኪና እንደ መጣ፥ በምን ዓይነት ጆንያ እንደ ታሰረ፥ ስንት ቀን እንደ ቆየ፥ በኪሎ ስንት የጅቡቲ ፍራንክ እንደሚሸጥ ጠይቆ በማስታወሻው ይያዝ። ከዚያም ወደ ፒኬ 12 ሄዶ ከሹፌሮቹ ጋር ሻይ ይጠጣ፤ ወደ ሰሜን የሚጭኑት የት የት እንደሚያድሩ፥ ለምን እዚያ እንደሚያድሩ፥ በቆቦስ ለምን እንደማያድሩ እነርሱ ይነግሩታል።